ጊል ከፓይተን ሲወጣ ትሬዶቻችን ምን ይጠብቃቸዋል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የወጣው ፓይተን 3.14 አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጣ። ጊል በአንድ ጊዜ አንድ የሥራ መስመር (ትሬድ) ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርግ መቆለፊያ ነው። ያለ ጊል የሚሠራው የፓይተን ዓይነት ከሙከራ ደረጃ ወጥቶ በይፋ የሚደገፍ ሆነ። ዜናው ብዙ ፕሮግራመሮችን አስደስቷል፤ እኔንም ጭምር። ባለ ስምንት ኮር ኮምፒውተር ላይ ከባድ ስሌት አስጀምሮ አንዱ ኮር ሲለፋ ሰባቱ ቁጭ ብለው ማየት ያበሽቃል።

ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የምሰማቸው ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንዱ «በቃ፣ አሁን ትሬድ ጨምር፣ ፕሮግራምህ ይፈጥናል» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ «ጊል ስላለ ዳታዬን የሚነካብኝ የለም» የሚለው የቆየ እምነት ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለተኛው ግን ይብሳል። ጊል የእኛን ዳታ ጠብቆ አያውቅም። በእሱ ምክንያት በዕድል ብቻ ሲሠራ የኖረ ብዙ ኮድ ግን አለ። አሁን ያ ዕድል ሊያልቅ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ትሬድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ፕሮግራሙ አሥር ትሬድ ቢከፍት አሥሩም የሚያዩት ያንኑ ሜሞሪ ነው። አንዱ የፈጠረውን ሊስት ሌላው ያነበዋል፣ ይጨምርበታል፣ ይሰርዝበታል። የትሬድ ጥቅምም ጣጣም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ዳታ ከአንዱ ወደ ሌላው ማጓጓዝ አያስፈልግም፤ ሁሉም እጁ ላይ አለ። ሁሉም እጁ ላይ ስላለ ደግሞ ማንም ሊያበላሸው ይችላል።

ጊል መላውን የፓይተን ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የሚቆጣጠር አንድ ሎክ (መቆለፊያ) ነው። ከ1992 ጀምሮ አለ። ደንቡ አጭር ነው፦ ሎኩን የያዘው ትሬድ ብቻ የፓይተን ባይትኮድ (ኮዳችን የሚተረጎምባቸውን ትንንሽ ትእዛዞች) ያስኬዳል፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ትሬዶቹ የውሸት አይደሉም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያውቃቸው እውነተኛ ትሬዶች ናቸው። ሆኖም በአንድ ቅጽበት የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው አንዱ ብቻ ነው።

ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱ የፓይተን ኦብጀክት (ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ሊስት፣ ማንኛውም ዋጋ) በውስጡ አንድ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ኦብጀክቱን ስንት ቦታ ላይ እየተጠቀሙበት እንደሆነ ይቆጥራል። አዲስ ስም ሲሰጠው ይጨምራል፣ ስሙ ሲጠፋ ይቀንሳል። ዜሮ ሲደርስ ኦብጀክቱ ከሜሞሪ ይለቀቃል። አሁን ሁለት ትሬዶች ይህን ቁጥር እኩል ቢነኩት አስቡ። ሁለቱም 3 ብለው ያነባሉ፣ ሁለቱም 1 ይደምራሉ፣ ሁለቱም 4 ብለው ይጽፋሉ። መሆን የነበረበት 5 ነው። ቆየት ብሎ ቁጥሩ ያለጊዜው ዜሮ ይገባል። ገና ሥራ ላይ ያለ ኦብጀክት ከሜሞሪ ይነሳል፣ ፕሮግራሙም ድንገት ይሞታል።

ለእያንዳንዱ ኦብጀክት የየራሱን ሎክ መስጠት ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ተራ የፓይተን ፕሮግራም እነዚህን ቁጥሮች በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይነካቸዋል። በየንክኪው ሎክ መያዝና መልቀቅ ቋንቋውን ጎታታ ያደርገው ነበር። በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ኮምፒውተር ባለ አንድ ኮር ስለነበር አንድ ትልቅ ሎክ ማንንም አልጎዳም። ውሳኔው ለጊዜው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎችን ከፓይተን ጋር ማያያዝ ቀላል የሆነውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የላይብረሪው ጸሐፊ ስለ ትሬድ ብዙ መጨነቅ አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጊል የሚጠብቀው ኢንተርፕሪተሩ የሚይዘውን የውስጥ ሒሳብ ነው። የእናንተ ፕሮግራም የሚይዘው ሒሳብ የእናንተ ጉዳይ ነው።

«በፓይተን ትሬድ ዋጋ የለውም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ግን ማጋነን ነው። አንድ ትሬድ ከኔትወርክ መልስ ሲጠብቅ፣ ከዲስክ ሲያነብ ወይም ዝም ብሎ ሲተኛ ጊልን ይለቃል። እሱ እስኪመለስ ሌላው ይሠራል። 200 ድረ ገጾችን ማንበብ አለባችሁ እንበል፣ የእያንዳንዱ መልስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ በአንድ ከሄዳችሁ 100 ሰከንድ ነው። 20 ትሬድ ላለው ፑል (ሥራ ለሚጠብቁ ትሬዶች ስብስብ) ከሰጣችሁት ወደ 5 ሰከንድ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጊል እያለ ነው። ከ2011 ጀምሮ በፓይተን ውስጥ ያለው የትሬድ ፑል ይህን በጥቂት መስመር ያሠራል። ለቁጥር ስሌት የሚውለውን ኔምፓይን (NumPy) የመሰሉ ላይብረሪዎችም ከባዱን ስሌት በሲ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ ጊልን ይለቃሉ።

ችግሩ ንጹሕ የፓይተን ስሌት ላይ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ሚሊዮን ያሉትን ዋና ቁጥሮች በፓይተን ሉፕ ፈልጉ። ሥራውን ለአራት ትሬድ ብታካፍሉት ጊል ባለበት ፓይተን ጊዜው አይቀንስም። እንዲያውም ሊብስ ይችላል። የፓይተን አስተማሪው ዴቪድ ቢዝሊ በ2010 አካባቢ ይህንን በግልጽ አሳይቶ ነበር። ባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ ሁለት ትሬድ የተሰጠው ስሌት በአንድ ትሬድ ከሚሠራው ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ትሬዶቹ በየመቶ ባይትኮድ ሎኩን እየለቀቁ እንደገና ይሻሙበት ነበር። ከዚያ በኋላ ከፓይተን ገንቢዎች አንዱ የሆነው አንትዋን ፒትሩ ጊልን እንደገና ጻፈው። ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ሎኩን የያዘ ትሬድ ሌላ የሚጠብቅ ካለ በየ5 ሚሊሰከንዱ እንዲለቅ ይጠየቃል። ሽሚያው ረገበ፣ የኮሮቹ ሥራ ፈትነት ግን እንዳለ ቀረ።

ጊልን ለማንሳት የተሞከረው አሁን ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ግሬግ ስታይን ሞክሮ ተሳክቶለት ነበር። ዋጋው ግን ከበደ፤ አንድ ትሬድ ብቻ ያለው ፕሮግራም እጅግ ተንቀራፈፈ። በ2016 ላሪ ሄስቲንግስ «ጊሌክቶሚ» ብሎ በሰየመው ፕሮጀክት ተነሳ፤ እሱንም ያቆመው ይኸው ፍጥነት ነው። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሱም በ2007 ያስቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነበር። ጊልን የሚያነሳ ሥራ ይዛችሁ ኑ፣ ግን አንድ ትሬድ የሚጠቀመውን ተራ ፕሮግራም እንዳታዘገዩት አለ። ፍትሐዊ መስፈርት ነው። አብዛኛው የፓይተን ኮድ ባለ አንድ ትሬድ ነውና።

ነገሩን የፈታው በሜታ ይሠራ የነበረው ሳም ግሮስ ነው። ሥራውን በ2021 ለሕዝብ አሳየ። በ2023 ያቀረበው ሐሳብ ፔፕ (የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ) 703 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፓይተን አስተባባሪ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተቀበለው።

ብልሃቱ ደስ ይላል። ግሮስ የተነሳው ከአንድ ቀላል ትዝብት ነው። አንድን ኦብጀክት አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው የፈጠረው ትሬድ ራሱ ነው። እንግዲያው ቆጠራውን ለሁለት እንክፈለው። አንዱ ቁጥር ለባለቤቱ ትሬድ ብቻ ነው፤ ያለ ምንም ጥንቃቄ በፍጥነት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሌላው ለሌሎች ትሬዶች ነው፤ እሱ ብቻ ነው ውድ የሆነውን የጥንቃቄ መንገድ የሚጠቀመው። እንደ «ባዶ»፣ «እውነት» እና «ሐሰት» (None፣ True፣ False) ያሉት በየቦታው የሚገኙ ዋጋዎች ደግሞ ጭራሽ አይቆጠሩም፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ የማይሞቱ ሆነዋል። ሊስትና ዲክሽነሪ (በስም የሚፈለግ የዳታ መዝገብ) የየራሳቸው ትንንሽ ሎክ ተሰጣቸው። የሜሞሪ አስተዳዳሪውም ለብዙ ትሬድ በሚመች ተተካ።

በነጻ የተገኘ ነገር ግን አይደለም። ጊል አልባው ዓይነት መጀመሪያ በፓይተን 3.13 ሲወጣ ባለ አንድ ትሬድ ኮድ በመለኪያ ፕሮግራሞቹ ላይ ወደ 40 በመቶ ገደማ ይጎተት ነበር። ዋናው ምክንያት ኢንተርፕሪተሩን የሚያፈጥነው ክፍል ገና ለትሬድ ስላልተዘጋጀ ተዘግቶ መቆየቱ ነው። በ3.14 ያ ክፍል ተከፈተ፣ ጉተታውም ወደ 5 እና 10 በመቶ መሐል ወረደ። ለእኔ የ3.14 ትልቁ ዜና ይህ ቁጥር ነው። 40 በመቶ ብዙ ሰው የማይከፍለው ዋጋ ነው። 5 በመቶ ላይ ግን መነጋገር ይቻላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ። ይህችን መስመር እዩ።

ቆጣሪ += 1

ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ስለዚህ ቆጣሪ ቀድሞ ዋጋ ከተሰጠው መስመሯ እንዳለች ትሠራለች። ለዓይን አንድ ሥራ ትመስላለች። ለኢንተርፕሪተሩ ግን ቢያንስ ሦስት ናት። መጀመሪያ የቆጣሪን ዋጋ ያነባል። ከዚያ 1 ይደምራል። በመጨረሻ ውጤቱን መልሶ ያስቀምጣል። አንደኛው ትሬድ 41 አነበበ እንበል። ውጤቱን ሳያስቀምጥ ሁለተኛው ገባና እሱም 41 አነበበ። ደመረ፣ 42 ብሎ አስቀመጠ። አንደኛው ካቆመበት ቀጠለ፣ እሱም 42 ብሎ አስቀመጠ። ሁለት ሰው ቆጥሯል፣ ቁጥሩ ያደገው ግን በአንድ ነው። የስህተት መልእክት የለም። ፕሮግራሙ አይቆምም። ሒሳቡ ዝም ብሎ ይጎድላል።

ይህ እንግዲህ ጊል እያለም የሚደርስ ነገር ነው። ጊል ከአንዱ ትሬድ ወደ ሌላው ሲያልፍ በእናንተ መስመር መሐል ይሁን ከመስመሩ በኋላ ደንታ የለውም። ድሮ ይህን ለጀማሪ ማሳየት ቀላል ነበር። ሁለት ትሬድ ትከፍታላችሁ፣ እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ 1 ይደምራል፣ መጨረሻ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ያነሰ ቁጥር ይወጣል።

ከፓይተን 3.10 ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኢንተርፕሪተሩ «ሌላ ትሬድ ይጠብቃል ወይ?» ብሎ የሚያጣራባቸው ቦታዎች ተቀነሱ። አሁን በዋናነት የሚያጣራው ሉፕ ወደ ኋላ ሲመለስና ፈንክሽን ሲጠራ ነው። ከላይ ባሉት ሦስት እርምጃዎች መሐል ሉፕም የፈንክሽን ጥሪም የለም። ስለዚህ ያው የተሳሳተ ኮድ ሁለት ሚሊዮን ብሎ ቁጭ ይላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚል መደምደሚያ ይዟል። ንባቡና ማስቀመጡ መሐል በፓይተን የተጻፈ አንድ ትንሽ ፈንክሽን ብትጠሩ ግን ጉድለቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። መስመሯ እንደማትቆረጥ ቋንቋው ቃል ገብቶ አያውቅም። የኢንተርፕሪተሩ የውስጥ አሠራር እንዲያ ስለሆነ ብቻ ነው። ጊል አልባው ፓይተን ላይ ሁለቱ ትሬዶች በሁለት ኮር በእውነት እኩል ሲሮጡ ያ መሸፈኛ የለም።

ቆጣሪ ቀላሉ ምሳሌ ነው። በሥራ ቦታ ኮድ ላይ በብዛት የማየው «አይተህ ሥራ» የሚባለውን ዓይነት ነው። «ይህ ፋይል ወርዷል ወይ? ካልወረደ አውርደው፣ ዲክሽነሪው ላይ መዝግበው።» ሁለት ትሬዶች እኩል ያያሉ። ሁለቱም «አልወረደም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ሁለቱም ያወርዳሉ፣ ሁለቱም አንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ዲክሽነሪው አልተበላሸም። ጊል ባይኖርም እያንዳንዱ ንባብና እያንዳንዱ ምዝገባ በየራሱ ደህና ነው፤ የዲክሽነሪው የራሱ ሎክ ይጠብቀዋል። የተበላሸው በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት የሚያውቀው ፕሮግራመሩ ብቻ ነው፣ መዝጋት ያለበትም እሱ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከማየቱ በፊት ሎክ ያዙ፣ ከመመዝገቡ በኋላ ልቀቁ። በፓይተን «ዊዝ» (with) በሚለው አጻጻፍ ከያዛችሁት መሐል ላይ ስህተት ቢፈጠርም ሎኩ ይለቀቃል። እጃችሁ ሎክ ላይ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ትሬድ የመጀመሪያውን ሎክ ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ዴድሎክ ይሉታል። ሁለቱም እስከመጨረሻው እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። ሁሉም ትሬድ ሎኮቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከያዘ ይህ አይደርስም።

እኔ ከሎክ ይልቅ የማምነው ኪው (ሥራዎች ወረፋ የሚይዙበት ማስቀመጫ) ነው። ትሬዶቹ የጋራ ሊስትና ዲክሽነሪ እንዳይነኩ አድርጉ። አንዱ ሥራውን ኪው ውስጥ ያስገባል፣ ሠራተኞቹ እያወጡ ይሠራሉ፣ ውጤቱን ሌላ ኪው ውስጥ ይጥላሉ፣ አንድ ትሬድ ብቻ ውጤቱን ይሰበስባል። የፓይተን ኪው ሎኩን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ቆጣሪውንም የሚነካው ያ አንድ ሰብሳቢ ብቻ ከሆነ ከላይ ያየነው ጣጣ መነሻ አያገኝም።

ይህ አሠራር ለፍጥነትም ይጠቅማል፣ «ትሬድ ጨምር ይፈጥናል» የሚለው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ጊል ቢነሳም ስምንት ትሬድ አንድ ዲክሽነሪ ላይ ሲረባረብ በዚያ ዲክሽነሪ ሎክ ፊት ይሰለፋል። ሎክ ባይኖር እንኳ ብዙ ኮሮች አንድን የሜሞሪ ቦታ በየተራ ሲጽፉበት ዳታው ከኮር ወደ ኮር ሲመላለስ ጊዜ ይበላል። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያስቀመጠው ስሌትም አለ። ከሥራው ሩቡ በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ኮር ቢደረደርም ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ አያልፍም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጊል አልባውን ፓይተን ጫናችሁ፣ ፕሮግራማችሁን አስነሳችሁ፣ ምንም አልፈጠነም። ምክንያቱ ምናልባት አንድ የቆየ ላይብረሪ ነው። በሲ የተጻፈ ሞጁል «ያለ ጊል እሠራለሁ» የሚል ምልክት ከሌለው፣ ኢንተርፕሪተሩ ለጥንቃቄ ብሎ ጊልን ለመላው ፕሮግራም መልሶ ያበራዋል። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ግን በሎግ ብዛት ውስጥ በቀላሉ ይጠፋል። በሲስ (sys) ሞጁል ውስጥ ጊል በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚል ፈንክሽን አለ። ፍጥነት ከመለካታችሁ በፊት እሱን ጠይቁ።

ሌሎች የስክሪፕት ቋንቋዎች ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። ጃቫስክሪፕት ገና ከመጀመሪያው ሜሞሪ የሚጋራ ትሬድ ለፕሮግራመሩ አልሰጠም። አንድ የክስተት ሉፕ አለው፣ ጎን ለጎን መሥራት ሲያስፈልግ በመልእክት የሚነጋገሩ ወርከሮች ይከፈታሉ። ሩቢ እንደ ፓይተን ዓይነት ትልቅ ሎክ አለው፤ በዲሴምበር 2020 በወጣው 3.0 ደግሞ ራክተር የሚባል፣ ዳታ ሳይጋሩ ጎን ለጎን የሚሠሩበት መንገድ በሙከራ ደረጃ አመጣ። ፐርል ለእያንዳንዱ ትሬድ የኢንተርፕሪተሩን ዳታ በሙሉ ይገለብጣል። ይህ ከባድ በመሆኑ የፐርል ሰነድ ራሱ ትሬዶቹን እንድትጠቀሙ አያበረታታም። ሁሉም የሸሹት ያንኑ ነገር ነው፦ ሜሞሪን ሳይጠነቀቁ መጋራትን። ፓይተን አሁን የመረጠው መንገድ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ነጻነት ይሰጣል፣ የበለጠ ኃላፊነትም ይጥላል።

ደግሞ ትሬድ ብቸኛው ምርጫ አይደለም። ሥራችሁ ስሌት ሆኖ ክፍሎቹ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ከሆነ፣ ከ2008 ጀምሮ ያለው መልቲፕሮሰሲንግ (ሥራውን የየራሳቸው ሜሞሪ ላላቸው ፕሮሰሶች የሚያካፍለው) ዛሬም ደህና ይሠራል። ጉዳቱ ዳታው በፕሮሰሶች መሐል ሲላክ መታሸግና መፈታት ስላለበት ነው። ትልቅ ሠንጠረዥ ወዲያ ወዲህ የምትልኩ ከሆነ ይከብዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ የኔትወርክ ግንኙነቶችን መያዝ ከሆነ ሥራችሁ፣ በአንድ ትሬድ ብዙ ጥበቃዎችን የሚያቀያይረው አሲንክአይኦ (asyncio) ይሻላል። በ3.14 ደግሞ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የየራሳቸው ጊል ያላቸው ብዙ ኢንተርፕሪተሮችን ከፓይተን ኮድ መክፈት ተችሏል።

እንግዲህ ዛሬ ማን ይሸጋገር? ዳታው ትልቅ፣ ስሌቱ ከባድ፣ በፕሮሰስ መሐል መላላኩ ያማረረው ሰው አሁኑኑ ቢሞክረው አይከስርም። ኔትወርክ ሲጠብቅ የሚውል ፕሮግራም ያለው ሰው ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ላይብረሪ የምትጽፉ ሰዎች ግን አትቆዩ። ተጠቃሚዎቻችሁ እናንተን ሳይጠይቁ ወደ ጊል አልባው ፓይተን ይሄዳሉ። መጀመሪያ በኮዳችሁ ውስጥ በሞጁል ደረጃ የተቀመጡ ተለዋዋጭ ሊስቶችን፣ ዲክሽነሪዎችንና ካሾችን (ለፍጥነት የተቀመጡ ውጤቶችን) ፈልጉ። ሳይታሰብ በብዙ ትሬድ የሚነኩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ቴስቶቻችሁን በ3.14 ጊል አልባ ዓይነት፣ አንዱን ቴስት ከብዙ ትሬድ እኩል እየጠራችሁ፣ ደጋግማችሁ አስኪዱ። በተለመደው ፓይተን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ትሬዱ ሎኩን እንዲለቅ የሚጠየቅበትን የ5 ሚሊሰከንድ ልክ በጣም ዝቅ አድርጉትና ሞክሩ። ትሬዶቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ ተደብቆ የነበረ ስህተት የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። አንድ ጊዜ አልፎ አንድ ጊዜ የሚወድቅ ቴስት ካገኛችሁ «ኔትወርኩ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ በሁለት ትሬድ የሚነካ ነገር እንዳለ እዩ።